ሰው ሳይጨምር ቆጣሪው ለምን ጨመረ?

የኮተቤዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የመብራት ሂሳብ ጉዳይ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

የምንኖረው ኮተቤ ነው። የተከራየነው የግቢ ቤት ነው፣ ቆጣሪው ለብቻችን ነው። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች እና አማቴ። ወጪን በደብተር የመጻፍ ልማድ አለኝ። ባለቤቴ «የሂሳብ ሹም» እያለ ይቀልድብኛል፣ ግን ብር ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚጠይቀው ደብተሬን ነው።

ደብተሩ የሚለው ይኸውላችሁ። ሚያዝያ 206 ኪሎዋት ሰዓት። ግንቦት 262። ሰኔ 311። ሐምሌ 309።

ብሩን ሆን ብዬ አልጻፍኩትም። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ስለሆነ የዘንድሮን ብር ካለፈው ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። የታሪፉን እኔ አልወሰንኩም፣ ዝም ብዬ እከፍላለሁ። ኪሎዋቱ ግን እኔው ቤት ነው የጨመረው። ደግሞ ደረጃ አለው። 200ን ስታልፍ የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ ይወደዳል፣ 300ን ስታልፍ እንደገና። እኛ ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያውን ለጥቂት አልፈነው ነበር፣ ሰኔ ላይ ሁለተኛውንም ዘለልነው።

አዲስ ዕቃ አልገዛንም። እንግዳም አልመጣብንም። ያለን ምጣድ፣ ባለ 50 ሊትር ቦይለር፣ የሰርጋችን ጊዜ የተገዛ ፍሪጅ (12 ዓመት ሆነው)፣ ባለ ሁለት ስቶቭ፣ ቲቪ ከነሪሴቨሩ፣ ካውያ። አምፖሎቹ ሁሉ ኤልኢዲ ናቸው።

ባለቤቴ መፍትሔ ያገኘ መስሎት አምፖል ማጥፋት ላይ ተሰማርቷል። ኮሪደር ላይ በስልኩ ባትሪ ነው የሚሄደው። ትናንት ማታ የልጄን ብስክሌት ረግጦ ሊወድቅ ነበር። ልጆቹን «ቲቪ ዝጉ» እያለ ቤቱን የጦር ሜዳ አድርጎታል።

በዚያ ላይ ውሃውም እንደዚሁ ነው። ባለ 1,000 ሊትሩ ሮቶ ድሮ ሳምንት ያቆየን ነበር፣ አሁን በአምስተኛው ቀን ባዶ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ነው የተነሳብን።

ከየት ልጀምር?

ቁጥቁጥ

ክረምት ነው እኮ እህቴ። ሰው ሁሉ ሻወር ቤት ገብቶ አይወጣም። ሌላ ምስጢር የለውም። የስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ እየተዋችሁ አትሂዱ፣ ሪሴቨሩንም ማታ ማታ ንቀሉት። ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚሞላው።

ስሪፌዝ

ሰላም ልጄ። 31 ዓመት ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰው ቤት ስጠራ ብዙ ጊዜ የሚነገረኝ ስለ አምፖል ነበር። አምፖል ስለሚታይ ነው የሚታማው።

እስቲ እናስላው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ያኔ ቁጣው ትክክል ነበር። አሮጌውን አምፖል እየተቀበልን ቆጣቢውን ያደልንበት ጊዜ ትዝ ይለኛል፣ በእኛ አቆጣጠር 2001 እና 2002 አካባቢ። አሁን ያንቺ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ በዚያው አምስት ሰዓት በወር ከአንድ ተኩል ኪሎዋት አያልፍም። ባለቤትሽ ቤቱን በሙሉ አጨልሞ ቢኖር አስር ኪሎዋት አያተርፍም፣ እግሩን ግን ይሰብራል። ቻርጀርማ ተይው።

ያንቺ ጭማሪ መቶ ነው። መቶ ኪሎዋት ሰዓት በወር የሚበላ ነገር ሙቀት የሚያወጣ ነገር ነው። ምጣድ፣ ቦይለር፣ ስቶቭ፣ ካውያ። ከእነዚህ ውጪ ፍሪጅ አለ፣ እሱ ደግሞ 24 ሰዓት ስለሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ግን ሌላ ሰው በአንቺ መስመር እየተጠቀመ እንዳይሆን አጣሪ። ዋናውን ብሬከር አጥፊና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት እይ። ለአምስት ደቂቃ ጭራሽ ብልጭ ካላለች በዚያ ሰዓት ከብሬከሩ በፊት ተቀጥሎ የሚጠቀም የለም። በቆጣሪውና በብሬከሩ መካከል ተቀጥሎ መብራት የሚወስድ ሽቦ ካለ ግን ብልጭታው ይቀጥላል። በዚህ መንገድ የአከራይ ፓምፕና የጎረቤት ሱቅ ያገኘሁበት ቀን አለ።

ብልጭታዋ መለኪያ ናት። ቆጣሪው ፊት ላይ 1600 ኢምፐልስ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ አጥፍተሽ አንዱን ስቶቭ ብቻ ብታበሪ በደቂቃ ከ50 ጊዜ በላይ ካለች ስቶቩ ሁለት ኪሎዋት አካባቢ ነው። ዕቃ ሁሉ እንዲህ ይመዘናል፣ ምንም ሳትገዢ።

የምጣድ ባለቤት

ሰላም የኮተቤዋ። እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቅ አስረክባለሁ፣ ስለዚህ ስለ ምጣድ ብቻ ነው የማወራሽ። ሌላውን ጋሼ ይንገሩሽ።

ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ገደማ ነው፣ አራት የሚደርስም አለ። አንዴ ከተሰካ እስክትጨርሺ ይበላል፤ እንጀራ ላዩ ላይ ኖረም አልኖረም። ብዙ ሴቶች የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው። ምጣዱ ግሎ ሊጡ አልቀጠነም። ወይ ስልክ ተደወለ። ወይ ልጅ አለቀሰ። ያኔ ባዶ ምጣድ እያጋልሽ ነው። እኔ ሊጤን አስተካክዬ፣ ማሰሻዬን፣ ሰፌዴን፣ መዘርጊያዬን አዘጋጅቼ ነው ስፒናውን የምሰካው። ስልኬን ለልጄ እሰጣለሁ።

አክንባሎሽን እይ። ጫፉ ተሸርፎ እንፋሎቱ በጎን የሚወጣ ከሆነ አንዱ እንጀራ የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል። ግማሽ ደቂቃ በእንጀራ ቢጨምር በ30 እንጀራ ሩብ ሰዓት ነው። እኔ አንዴ ምጣዴን ለማሳደስ ወስጄ ሰውዬው ሽቦውን ቀጭን አድርጎ፣ ከሥሩ ያለውን ጀሶ ሳይሞላ መለሰልኝ። ላዩ አይግልም፣ ጠረጴዛው ግን ተቃጠለ። ሙቀቱ ወደ ታች ነበራ የሚሄደው። ስትጋግሪ እጅሽን ከምጣዱ ሥር ጠጋ አድርጊ (አትንኪው!)። ከሥር የሚፋጅ ከሆነ መሬቱን እያሞቅሽ ነው።

የመጨረሻ ሁለት እንጀራ ሲቀርሽ ንቀይው። ምጣዱ ሸክላ ነው፣ ይዞ ይቆያል። ሁለተኛዋ ትንሽ ታዘገያለች እንጂ ዓይኗ ይወጣል። ከዚያ በኋላም ግለቱ አያልቅም፣ እኔ ድርቆሽ አደርቅበታለሁ።

እና ጎህ ሳይቀድ ጋግሪ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማታ ግን ምጣዱ ይልመጠመጣል።

ስሪፌዝ

እህቴ ለምን እንደሆነ እኔ ልንገርሽ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ስቶቭ ስለሚሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 የነበረው 190 ቢሆን የምጣዱ ጉልበት በ30 ቮልት ልክ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። አንድ እንጀራ ይዘገያል፣ ምጣዱ ደግሞ በዘገየ ቁጥር በጎኑና በሥሩ ሙቀት ሲያፈስ ይቆያል። ሌሊት 11 ሰዓት የሚጋግሩ እናቶች ያለ ቮልት መለኪያ የደረሱበት ነገር ነው።

የኮተቤዋ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። የምጣድ ባለቤትም አመሰግናለሁ። ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ።

አንደኛ፣ ዋናውን ብሬከር አጠፋሁ። ቀይዋ ጸጥ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ቆጣሪ ላይ ተገትሬ ሳፈጥ የጎረቤት ልጅ «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። አከራያችን ቢሆኑ ቀላል ነበር፣ ተጣልተን እንጨርሰው ነበር። አሁን ጥፋቱ የራሳችን ሆነ።

ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ሌሊት ተነስቼ ጋገርኩ። ከመሰካቴ በፊት እና ከነቀልኩ በኋላ ቆጣሪውን ጻፍኩ (ፍሪጁን ብቻ ነቅዬ)። 24 እንጀራ፣ 4.9 ኪሎዋት ሰዓት። በሳምንት ሁለቴ ነው የምንጋግረው፣ ስለዚህ በወር 40 አካባቢ። ትልቅ ነው፣ ግን ሚያዝያም ይኸው ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነቅዬ አወጣኋቸው። አማቴ አገላብጠው አዩና «አንዷ ዓይነ ስውር ናት» አሉ። ልጆቹ ግን በሉት።

ሦስተኛ፣ ፍሪጁ። ወረቀት በሩ ላይ አጣብቄ ስስበው ከታች በኩል ያለ ምንም ትግል ወጣ። ጎማው በቆሻሻ ደርቆ ነው። በለብ ያለ የሳሙና ውሃ አጠብኩት፣ አሁን ይይዛል። ከግድግዳውም አንድ ክንድ ጎተትነው። የጀርባው ሽቦ ላይ የነበረውን አቧራ ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። በ24 ሰዓት የበላው 1.6 ነው። ለ12 ዓመት ፍሪጅ መጥፎ ነው?

እና አሁንም መቶዋን አላገኘኋትም።

ድሬ ልጅ

1.6 ከሆነ ምን ጎደለሽ እህቴ። እኛ ድሬዳዋ ፍሪጅና ቬንትሌተር ናቸው ባለ ዕዳ ያደረጉን። ቦይለር የሚባል ነገር ቤታችን የለም፣ ሮቶው ራሱ ፀሐይ ላይ ውሎ ቀን ላይ ሻወር ስትገቢ ያቃጥልሻል። ለናንተ ለደገኞቹ ፈጣሪ ይሁናችሁ።

ስሪፌዝ

የፍሪጁ ደህና ነው፣ ለዕድሜው አልከፋም።

ልጄ፣ መጀመሪያ የጻፍሽውን ተመልሼ አነበብኩት። ሮቶው ከሳምንት ወደ አምስት ቀን ወረደ ብለሻል። ይህን እንደ ምሬት ነው ያለፍሽው፣ እኔም አልፌው ነበር። አሁን ግን ቁጥር አድርጊው። 1,000 ሊትር በሰባት ቀን ሲያልቅ በቀን 143 ሊትር ነው። በአምስት ቀን ሲያልቅ 200። በቀን 60 ሊትር የሚጠጋ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። መቼ ነው የጀመረው? ግንቦት ላይ ከሆነ ሁለቱ ችግር አንድ ችግር ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ መብራት አይጨምርም። ሙቅ ውሃ ከፈሰሰ ግን ቦይለሩ የፈሰሰውን ያህል እንደገና ያሞቃል፤ ቀን የለው፣ ሌሊት የለው። አንድ ሊትር ውሃ 40 ዲግሪ ለማሞቅ 46 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ትንሽ ትመስላለች። 60 ሊትር ሲሆን በቀን 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 84። ቦይለሩ በጣም አግሎ የሚያሞቅ ከሆነ መቶ ይሞላል።

እንዲህ አድርጊ። ማታ ሁሉም ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ ከቦይለሩ በስተቀር ሁሉንም ብሬከር አጥፊ። ቦይለሩ አሙቆ እስኪቆርጥ ጠብቂ። ከዚያ ቆጣሪውን ጻፊ። ሌሊት ማንም ውሃ አይክፈት። ጠዋት ጻፊ። በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ፣ እንደገና ካሞቀ በኋላ፣ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ መዝጊያ ዝጊና ድገሚው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው) ከመዝጊያው በኋላ፣ ማለትም በመዝጊያውና በቦይለሩ መካከል መሆን አለበት። ካልሆነ አትዝጊው፣ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ።

ቁጥቁጥ

ቧንቧ ቢፈስማ አያዩትም እንዴ?

የኮተቤዋ

አላየነውም። ወንድሜ፣ አላየነውም።

በመጀመሪያው ሌሊት ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት 1.6 ኪሎዋት ሰዓት። አንድ ሰው እጁን እንኳ አልታጠበም። በሁለተኛው ሌሊት፣ መዝጊያው ተዘግቶ (ሴፍቲ ቫልቩ ጋሼ ያሉት ቦታ ላይ ነው፣ ፎቶ አንስቼ ባለቤቴም አይቶታል)፣ በዚያው ስምንት ሰዓት 0.4።

ልዩነቱ 1.2 ነው። በቀን 3.6። በወር 108። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን ነው፣ ግን ሁለቴ አሰመርኩበት።

የት ነው የሚፈሰው? መታጠቢያ ቤቱ ደረቅ ነው። የኩሽናው ቧንቧ አያንጠባጥብም። ከግድግዳው ሥር ቀለሙ ትንሽ አብጧል፣ እሱን የክረምት እርጥበት ነው ብለን ትተነው ነበር። ባለቤቴ በባዶ እግሩ ኩሽናውን በሴራሚክ በሴራሚክ መርገጥ ጀመረ። እኔ ሳቄን እየያዝኩ ነበር። ከዚያ ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ጋ ለብ ይላል» አለ።

ያ ጥግ የሊጡ ጥግ ነው።

አሁን ታሪኩን ስሙት። አማቴ ከግንቦት ወዲህ «ሊጡ እንዲህ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም» እያሉ ነበር። ሦስት ቀን የሚፈጀው በሁለተኛው ቀን ይቦካል። ያውም በክረምት፣ ኮተቤ ላይ! መጀመሪያ ጤፉን አመሰገኑ። ከዚያ እርሾውን። በመጨረሻ እጃቸውን። ጎረቤቶች እርሾ ሊወስዱ እስከ መምጣት ደርሰው ነበር። ባልዲው ለካ በየቀኑ 1.6 ኪሎዋት የሚጨርስ ፍሪጃችንን እጥፍ የሚበላ ወለል ላይ ነበር የተቀመጠው።

አከራያችን መጥተው አዩት፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ቧንቧ ሠራተኛ አመጡ፣ አራት ሴራሚክ ተነሳ። ወደ ኩሽና የሚሄደው የሙቅ ውሃ መስመር መጋጠሚያው ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር። ሲከፍቱት እንፋሎት ወጣ። እንደ ጠበል ቆመን አየነው። ከሥሩ ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል።

ሠራተኛው ለመቀጠል መስመሩን ሲቆርጥ ውሃውን ለትንሽ ጊዜ ከፍቶ አሳየን። በባዶ ሃይላንድ ያዝኩት። አንዱ ሊትር ለመሙላት 20 ደቂቃ ፈጀ። ቀጭን፣ የማይሰማ። ግን በቀን 72 ሊትር ነው። ጋሼ 60 ብለው ነበር፣ በሩቅ ሆነው!

የምጣድ ባለቤት

ወይኔ አማትሽ! አሁን ምን አሉ?

ስሪፌዝ

ጎሽ የኔ ልጅ። ባለቤትሽንም ጎሽ በዪልኝ፣ በእግር የሚለካ ሰው ኤሌክትሪሺያን ይወጣዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። መዝጊያው ተዘግቶም በስምንት ሰዓት 0.4 በልቷል። ያ ቦይለሩ ዝም ብሎ በመቆሙ የሚያፈሰው ሙቀት ነው፣ በቀን 1.2፣ በወር 36። የሙቀት መቆጣጠሪያውን እዪው። ብዙ ቤት ጥግ ድረስ ዞሮ 75 ላይ ነው የማገኘው። 60 አድርጊው። ከዚያ ዝቅ አታድርጊው፣ ለብ ያለ ውሃ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ለጤናም ጥሩ አይደለም። የምትታጠቡበት ሰዓት የታወቀ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት አብሪው፣ ከጨረሳችሁ አጥፊው። 50 ሊትር ለማሞቅ ያ ይበቃዋል።

ስቶቩን በተመለከተ ባቄላና ሽንብራ የምትቀቅሉ ከሆነ ማታ ዘፍዝፉ፣ ፕሬዠር ተጠቀሙ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከፍታው ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ሽንብራ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። በቆላ ከሚፈጀው ጊዜ እዚህ የበለጠ ይፈጃል። ፕሬዠር ያንን ይሸፍናል።

የኮተቤዋ

ለቀጣዩ ሰው ይጠቅማል ብዬ ተመልሼ መጣሁ። ወር ሞላ። የነሐሴ ንባብ 188።

ከሚያዝያም ወረደ። ፍሳሹ ብቻ አይደለም። ቦይለሩን 60 አድርገን ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ ብቻ ነው የምናበራው፣ ቁልፉ ላይ የመቆጣጠር ሥራ ለባለቤቴ ተሰጥቷል። የኮሪደሩን መብራት መልሶ አብርቷል። ሮቶው ስምንተኛ ቀኑን ይዟል፣ ገና ሩብ አለው። ልጆቹ ቲቪያቸውን በሰላም ያያሉ።

ችግር ያለው ሊጡ ጋ ነው። ሦስተኛ ቀን ደርሶ አሁንም አልቦካም። አማቴ ትናንት ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፣ ከዚያ ሴራሚኩን በእግራቸው ነካ ነካ አድርገው ዞረው አዩኝ።

«ያንን ሰውዬ ምን አስጠራችሁ?» አሉ።